የቀለበቱ ቅርጽ

በልዩ ልዩ አገሮች የምሕንድስና ተማሪዎች በቡድን ከሚሠሯቸው የተግባር ጥናቶች አንዱ ሮለር ኮስተር የተባለውን የመዝናኛ ባቡር መንደፍ ነው። ባቡሩ ከከፍታ ቁልቁል ይለቀቅና በገዛ ፍጥነቱ ሽቅብ ወጥቶ፣ በቆመ ቀለበት ውስጥ ተገልብጦ ያልፋል። ተማሪዎቹም የሰበቃን ኃይል ከቁጥር ሳያስገቡ፣ መነሻው ከቀለበቱ ግርጌ ቢያንስ የሬዲየሱን 2.5 እጥፍ ከፍ ማለት እንደሚገባው ያሰላሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን ባቡሩ እንዳይወድቅ ያረጋግጣል እንጂ በውስጡ ስለተቀመጠው ሰው የሚናገረው የለም። የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን እንደሆነ ታሪክ አስቀድሞ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1884 ላማርከስ ቶምሰን በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የሠራው ባቡር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዝ ነበር። በ1895 በዚያው ሥፍራ «ፍሊፕ ፍላፕ» ተከፈተ። ቀለበቱ ዲያሜትሩ 7.6 ሜትር ያህል የሆነ ክብ ነበር። ተሳፋሪው ወደ ክቡ በድንገት ሲገባ የክብደቱን 12 እጥፍ ያህል እንደሚደርስ የተገመተ ጫና ያርፍበት ስለነበር፣ አንገቱና ጀርባው ይጎዳ ነበር።

ክቡን ማስፋት መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ሰበቃ ካልታሰበ፣ በማናቸውም ክብ ቀለበት ግርጌ ላይ ያለው ጫና በአናቱ ላይ ካለው በተሳፋሪው ክብደት 6 እጥፍ ይበልጣል። ሬዲየሱ ከስሌቱ ተጣፍቶ ስለሚወጣ፣ ቀለበቱ 5 ሜትርም ሆነ 50 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ ያው ነው። እንግዲህ ጥፋቱ በመጠኑ ሳይሆን በቅርጹ ነበር ማለት ነው።

ኤድዊን ፕሬስኮት በ1901 ቀለበቱን ሞላላ አድርጎ ጫናውን አቃለለ፤ ሆኖም ባቡሩ በአንድ ጉዞ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይጭን ስለነበር ትርፋማ አልሆነም። ጥያቄው ዘላቂ መልስ ያገኘው በ1976፣ አንቶን ሽዋርትስኮፍና ቨርነር ሽቴንግል የተባሉ ጀርመናውያን በካሊፎርኒያ ባቆሙት «ሬቮሉሽን» ነው። በዚህም ክሎቶይድ የተባለው ኩርባ በሥራ ላይ ዋለ። ፍጥነቱ በሚበረታበት ግርጌ ሬዲየሱ ሰፊ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሚደክምበት አናት ጠባብ ይሆናል፤ ጫናውም ቀስ በቀስ ይጨምራል እንጂ በድንገት አይመጣም። ኩርባው ለሙያው እንግዳ አልነበረም፤ የባቡር ሐዲድና የመኪና መንገድ ከቀጥታ ወደ ጥምዝ በሚሸጋገሩበት ቦታ መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት ቆይተዋል።

ከ«ፍሊፕ ፍላፕ» እስከ «ሬቮሉሽን» 81 ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የጎደለው አዲስ የፊዚክስ ሕግ አልነበረም፤ ለሐዲዱ የሚጠየቀው ጥያቄ ለተሳፋሪውም አለመጠየቁ ነበር። ስለዚህ የተማሪዎቹ ቡድን የመነሻውን ከፍታ ካገኘ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሰው አካል የሚሸከመውን ጫና እንዲያሰላ ቢታዘዝ፣ ጥናቱ ከመጫወቻ ንድፍነት አልፎ የሙያ ኃላፊነት መማሪያ ይሆናል።