የእርግዝና ችግሮችና የጤናማ እርጅና ጥናት በወላይታ

በወላይታ ሶዶ ከተማና በወላይታ ዞን ወረዳዎች በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚካሄደው የሕክምና ምርምር በዋናነት በደም ግፊት፣ በደም መፍሰስ፣ በደም ማነስና ያለ ጊዜው በሚመጣ ምጥ ላይ ያተኩራል። እነዚህ ችግሮች የእናትንና የልጅን ሕይወት በወሊድ ሰዓት ከመፈታተናቸውም በላይ ለሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ጤናቸው ላይ ጫና ያሳድራሉ። ስለዚህም የእርግዝና ጥናት የጤናማ እርጅና ጥናት መነሻ ነው።

ተቋማት

ወላይታ በሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ገጠራማ አካባቢዎች በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ዘመናዊ ሕክምና ወደ አካባቢው የገባው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በኦቶና በሰፈሩት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች አማካይነት ነው። ኦቶና ሆስፒታል ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በከተማው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አለ። ዩኒቨርሲቲው ከሐዋሳ፣ ከዲላና ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በኅብረተሰብ ጤና ምርምር ትስስር ውስጥ ሠርቷል።

የችግሩ ስፋት

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በዚያው ዓመት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ 48 በመቶ ደርሷል።

በወላይታ ሶዶ ከተማ ቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ በነበሩ እናቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ ትንሽ ደም ቢፈሳት እንኳ አቅም ታጣለች። በዱጉና ፋንጎ ወረዳ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ እናቶች ለወሊድ ምን ያህል አስቀድመው እንደሚዘጋጁ መርምሯል፦ የአደጋ ምልክቶችን ያውቃሉ ወይ፣ ገንዘብ ቆጥበዋል ወይ፣ መጓጓዣስ አስበዋል ወይ የሚል ነበር።

ፕሪኤክላምፕሲያ

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ሲጎዳ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የላይኛው ሆድ ሕመም የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ሕመሙ ከተባባሰ እናቲቱን ያንቀጠቅጣታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውና በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያካተተው የማግፓይ ጥናት ማግኒዢየም ሰልፌት ይህን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ሲበዛ ግን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ አዋላጇ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት የታካሚዋን ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ አድርጋ እግሯ መልስ መስጠቱን ታያለች፣ ትንፋሽ ትቆጥራለች፣ የሽንቱን መጠን ትለካለች። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገቧ መቀመጥ አለበት።

የመረጃ ፈተና

ብዙዎቹ የአካባቢው ጥናቶች የሆስፒታል መዝገብ ያገላብጣሉ፣ ወይም በአንድ ወቅት ብቻ መረጃ ይሰበስባሉ። ቤት የሚወለድ ሕፃን ክብደቱ ሳይመዘን ይቀራል። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የማታስታውስ እናት እርግዝናዋ ስንት ሳምንት እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል፤ ይህም ያለ ጊዜው የተወለደውን በማሕፀን ሳለ ዕድገቱ ከተገታው ለመለየት እንቅፋት ነው። በአዛውንቶች ጥናትም ያው ችግር ይገጥማል፦ የልደት ወረቀት ስለሌለ ዕድሜ የሚገመተው በታወቁ ድርቆችና የመንግሥት ለውጦች ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ከማሕፀን እስከ እርጅና

እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር ዝቅተኛ የልደት ክብደት በጉልምስና ከሚመጣ የልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። በአገራችንም በራያ ቆቦ ወረዳ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በማሕፀን በነበሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ረሃቡን ከቁመት ማጠርና ለስኳርና ለልብ ሕመም ከሚያጋልጡ ለውጦች ጋር አያይዘውታል። ወላይታም በዚያ ድርቅ ክፉኛ ተጎድታ ስለነበር ግኝቱ ለዞኑ ቅርብ ነው። እናቶችን በተመለከተ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የያዛት ሴት በኋለኛ ዕድሜዋ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሏ እጥፍ ገደማ እንደሆነ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ።

ወደፊት

በወላይታ የሚያስፈልገው እናትና ልጅን ከወሊድ በኋላም ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚዘዋወሩ ለዚህ መሠረቱ አለ። በእርግዝናዋ ግፊት የነበራት እናት ከወሊድ በኋላም የደም ግፊቷን በየጊዜው መለካት ይገባታል፤ ጤና ጣቢያዎችም ልጇን ለማስከተብ ስትመጣ ይህን ሳያደርጉ ሊሸኟት አይገባም።