የ1966ቱ ወረቀትና የእኛ ደብዳቤ



ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ሰልፉ ነው። አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው ሕዝብ፣ ከሙስሊሙ ጎን የተሰለፉት ክርስቲያን ወገኖች... ከታላላቆቻችን እየሰማን ያደግነው ይህንን ነው። ዛሬ ግን ስለ ወረቀቱ እናውጋ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን የተቀበሉት አሥራ ሦስት ጥያቄዎችን የያዘ ጽሑፍ ነበር።

ጊዜውን እናስተውል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል። በየካቲት 1966 ደግሞ ንጉሡ ይኸው ሕገ መንግሥት እንደሚሻሻል አስታወቁ። ጥያቄው የቀረበው ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነበር ማለት ነው።

በደልማ ሞልቶ ነበር። አባቶች ግን በለቅሶ ብቻ አልቆሙም፤ መንግሥት ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ አስቀመጡ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ። በዓሎቻችን በሕግ ይከበሩ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነጻነትና በጀት ይኑራቸው። ሙስሊሙ የራሱን ብሔራዊ ምክር ቤት ያቋቁም፣ የመሬት ባለቤት ይሁን፣ በመንግሥት ሥራም ድርሻ ይኑረው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉም ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል። ይህቺ የመጨረሻዋ በጀትም ሕንጻም አትጠይቅም፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የከበደችው እሷ ትመስለናለች። እንግዳ የተባለ ሰው ስለ አገሩ ሕግ ምን ብሎ ይናገራል?

መልሱ እኩል አልመጣም። በአንድ አዋጅ የሚያልቀው የበዓላት ጉዳይ በ1967 በደርግ ተመለሰ፤ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናከሩ። መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ነው፤ አርባ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው! ብዙዎቹ ሰልፈኞች ያንን ቀን አላዩም፤ አላህ ይዘንላቸው።

ይህን ታሪክ ያነሳነው በራሳችን ስለደረሰ ነው። በከተማችን የመቃብር ቦታን የሚመለከት ረቂቅ መመሪያ ለውይይት ቀርቦ የመስጂዳችን ወጣቶች አራት ገጽ ጻፍን። አያትና ሐዲሱ በቦታው፣ ምሬቱም በቦታው ነበር። የተቀበለን ሠራተኛ ደብዳቤውን በትሕትና አንብቦ ጨረሰና «ታዲያ የትኛው አንቀጽ ይቀየር ነው የምትሉት?» አለን። ተያየን። ለካ ረቂቁን ከመካከላችን ሙሉውን ያነበበ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የዚያን ቀን አልመጣም።

ተመልሰን ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አነበብን። ከአራቱ ገጽ አንድ አስቀረን። የሚጎዳንን ንዑስ አንቀጽ በቁጥሩ ጠራን፤ ጀናዛን ቶሎ ለመቅበር ፈቃድ መጠበቁ እንዴት እንደሚያስቸግር በአንድ አንቀጽ አስረዳን፤ ከሥሩም በቦታው ቢገባ የምንወደውን ቃል ራሳችን አርቅቀን አስቀመጥን። አንድ የሕግ ተማሪ እህታችን «ይገባል» እና «ይችላል» በሕግ አንድ እንዳልሆኑ አሳይታን ሁለት ቦታ አረምን። ከዕድሩና ከሴቶች ጀመዓ ጋር አብረን ፈርመን፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አስገባን፤ ቅጂው ላይም የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመታን።

ሠራተኛው ይህኛውን ቆሞ አነበበው። ለሚቀጥለው የውይይት መድረክ ሁለት ሰው እንድንልክ ተነግሮናል፤ አንዷ የሕግ ተማሪዋ ናት።