ወንጀል ከዘር ነውን ወይስ ከሰፈር?

ቼዛሬ ሎምብሮዞ የተባለው ኢጣልያዊ ሐኪም በ1876 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ወንበዴ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፤ እርሱም በመንጋጋው ስፋትና በጆሮው ትልቅነት ይታወቃል ብሎ አስተማረ። ነገሩ ለሰሚ ይጥማል፤ ሌባው በመልኩ የሚታወቅ ከሆነ፥ መልኩ ያማረው ሁሉ ንጹሕ ነኝ ለማለት ይመቸዋልና። አሜሪቃም በ1924 ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡትን ስደተኞች ቍጥር በሕግ ስታሳንስ፥ ወንጀል ከነዚህ ሰዎች ደም ጋራ አብሮ ይገባብናል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ።

በዚያው ዘመን ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ መኬይ የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህን ክርክር በሺካጎ ከተማ በካርታ ይመረምሩት ጀመር። ሺካጎ በ1899 ለልጆች ብቻ የሚፈርድ ችሎት ያቆመች ከተማ ናትና፥ የተከሰሱት ልጆች መዝገብ ከነመኖሪያቸው ተጠብቆ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የያንዳንዱን ልጅ ቤት በካርታው ላይ በነጥብ አመለከቱ፤ መጀመሪያ ከ1900 እስከ 1906፥ ሁለተኛ ከ1917 እስከ 1923፥ ሦስተኛ ከ1927 እስከ 1933 ያለውን። በየጊዜውም ከ8 ሺሕ የሚበልጥ ልጅ ተቈጠረ። ነጥቡ በከተማው መካከል፥ በፋብሪካዎቹና በከብት ማረጃው አጠገብ ይከማችና ወደ ዳር ሲወጡ እየሳሳ ይሄዳል።

የሚያስደንቀው ግን ይህ አይደለም። በነዚያ ሰፈሮች አስቀድመው የኖሩት ጀርመኖች፥ አይርላንዳውያንና ስዊድናውያን ነበሩ፤ እነርሱ ገንዘብ ሲያገኙ ወደ ዳር ወጡ፤ በቦታቸው ፖላንዳውያንና ኢጣልያውያን ገቡ፤ በኋላም ጥቁሮች አሜሪቃውያን ተተኩ። ሕዝቡ ተለወጠ፤ ወንጀሉ ግን ከዚያው ሰፈር አልተነሣም። ወጥተው የሄዱት ሰዎች ልጆችም በአዲሱ ሰፈር እንደ ጎረቤቶቻቸው ሆኑ። ክፋቱ በደም የመጣ ቢሆን ከባለ ደሙ ጋራ በሄደ ነበር። የሕፃናት ሞትና የሳንባ ነቀርሳም የበዛው በዚያው ሰፈር ነው፤ ሳንባ ነቀርሳን ግን የልጁ ጠባይ ነው የሚል የለም።

ሾው በ1930 ያሳተመው የአንድ ልጅ ታሪክ ነገሩን ይገልጠዋል። ስሙ ተሸሽጎ ስታንሊ የተባለው ይህ ልጅ ያደገው ከከብት ማረጃው አጠገብ ነው። የእንጀራ እናቱ እንዲሰርቅ ትልከው ነበር፤ ከእርሱ የሚበልጡት ልጆች ሙያውን አስተማሩት፤ ወኅኒ ቤት ሲገባም ከእርሱ የባሱትን አገኘ። በሰፈሩ ዘንድ ስርቆት እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ልማድ ይታይ ነበር።

ዳሩ ግን የችሎት መዝገብ የተያዘውን እንጂ ያጠፋውን ሁሉ አይቈጥርም። ኤድዊን ሰዘርላንድ በ1939 ለማኅበራዊ ኑሮ ሊቃውንት ጉባኤ ባደረገው ንግግር፥ የከበሩ ነጋድያን የሚሠሩትን ማታለል አንሥቶ፥ የወንጀል ሥሩ ድህነት ነው የሚለውን ትምህርት ነቀፈ። ጥቁሮቹም ቢሆኑ ገንዘብ ቢያገኙ እንኳ እንደ ፊተኞቹ በቀላሉ ሊወጡ አልቻሉም፤ ለጥቁር ቤት አይሸጥም የሚል ውል በብዙ ሰፈር ተጽፎባቸው ነበርና። ይህን ካርታው ብቻውን አይናገርም።

ሾው የተረዳውን በወረቀት ላይ አልተወውም። በ1934 ባቋቋመው ማኅበር አማካይነት፥ በደቡብ ሺካጎ ከብረት ማቅለጫው አጠገብ በነበረው በፖላንዳውያን ሰፈር፥ ከቅዱስ ሚካኤል ደብር ጋራ ተባብሮ ለልጆቹ የጨዋታና የመሰብሰቢያ ቦታ አዘጋጀ። ለልጆች መሪ እንዲሆኑ በማኅበሩ ከተመረጡት የየሰፈሩ ሰዎች መካከልም ከወኅኒ ቤት የተመለሱ ነበሩ።