ሎሌ ንጉሥን የሚበላበት ጨዋታ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ. ም. እዚያ ሲደርስ ተቈረቈረች፤ ፈረንሳዮችም ከሐዲዱ ጋራ ቋንቋቸውንና ጨዋታቸውን ይዘው መጡ። የባቡር ሠራተኛ የነበረው አጎቴ ቤሎት የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የተማረው ከሥራ ጓደኞቹ ነው። እኔንም ልጅ ሳለሁ፥ በክረምት ዕረፍት፥ ሙቀቱ በረድ ሲል፥ ከዚራ ከዛፍ ሥር አስቀምጦ አስተማረኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ካርታ ባልሁ ጊዜ ቁማር ብቻ አይታይህ። አጎቴ ሳንቲም አስይዞ ተጫውቶ አያውቅም።

ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት ከእስላም አገሮች ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1440 ገደማ ኢጣልያኖች ሌላውን ሁሉ የሚበሉ ባለ ሥዕል ካርታዎች ጨመሩበት፤ ይኸውም ታሮ የተባለው ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ታሮን የጠንቋይ ዕቃ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በእርሱ ዕጣ መንገር የተስፋፋው በ18ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ጨዋታ ብቻ ነበረ። ፈረንሳዮች ደግሞ ቀላል ምልክቶችን አወጡ፤ ፒኬ የተባለውን ጨዋታም ለብዙ ዘመን ተጫወቱ። ቤሎት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተስፋፋ ታናሽ ወንድማቸው ነው።

የእነዚህ ሁሉ ሥርዓት ይመሳሰላል። አንዱ ካርታ ይጥላል፤ ሌሎቹም ያው ምልክት በእጃቸው ካለ ያንኑ መጣል ግዴታቸው ነው፤ ትልቁ ዙሩን ይበላል። በቤሎት ግን ከአራቱ ምልክቶች አንዱ የበላይ ተብሎ ይመረጥና ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ምልክት ሎሌው 20 ነጥብ፥ ዘጠኙ 14 ሲይዙ ለንጉሡ 4 ብቻ ይቀረዋል። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 ነገሥታቱን ከካርታ ላይ አባረሩ፤ በናፖሌዎን ዘመን ተመለሱ። ቤሎት ሳያባርር በሎሌ አስበላቸው፤ እኔን ይህኛው ይበልጥ ያስቀኛል።

ቤሎትን አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወቱታል፤ የእኔ ባልንጀራ አጎቴ ነበረ። አንድ ቀን የልብ ካርታ በእጄ ሳለ እንደሌለኝ ሆኜ በበላዩ ምልክት በላሁ። ማንም አላየኝም። አጎቴ ግን የወጡትን ሁሉ በሐሳቡ ይቈጥር ኖሮ፥ ያች የልብ ካርታ በመጨረሻ ስትወጣ ቀና ብሎ አየኝ። የሰበሰብነውን ሳይቈጥር 162ቱን ነጥብ በሙሉ ለተቃራኒዎቻችን ጻፈላቸው፤ ሕጉ እንደዚያ ነውና። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ በየቀኑ ከጎኑ አስቀመጠኝ እንጂ ካርታ አላደለኝም።