የውሻው ሳህንና የባዝል ተኩላዎች

ጎረቤት የሚለግሰው ምክር አንድ ነው፦ «ውሻህ ሳህኑ ላይ ካጉረመረመብህ ንጠቀው! ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ!» የአባቶቻችን ብልሃት ይመስላል፤ ግን አይደለም። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ያደገ ሰው የሚያስታውሰው ተቃራኒውን ነው። ትርፍራፊው ከቀርከሃው አጥር ሥር ይጣልለታል፣ ልጆች «ሲበላ አትጠጉት» ይባላሉ፣ አለቀ።

ታዲያ ንጥቂያው ከየት መጣ? ከስዊዘርላንድ ነው ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ ባዝል ከተማ መካነ አራዊት ውስጥ በጠባብ አጥር የታጎሩ ተኩላዎች ለበላይነት ሲናከሱ አይቶ በ1947 ጻፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜክ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን አዳረሰው። የውሻ አሰልጣኞችም ተቀባበሉት፤ ውሻ ተኩላ ነው፣ ቤታችሁ መንጋ ነው፣ አለቃው እናንተ ካልሆናችሁ እሱ ነው!

ሜክ ራሱ ግን ካናዳ፣ ኤልስሜር ደሴት ላይ የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ መንጋ ማለት በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው መሆናቸውን በ1999 ጻፈ። አሳታሚው የድሮ መጽሐፉን ማተም እንዲያቆምም ሲወተውት ኖረ። (እንዲህ ያለ ምሁር ያብዛልን!)

የኛውን ቀይ ቀበሮም እዩት። ጎጃም ውስጥ ከጮቄ ተራራ ጠፍቷል፤ በባሌና በሰሜን ተራሮች ግን አለ። ማለዳና ማታ ከቤተሰቡ ጋር ድንበሩን ይዞራል፤ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ግን ለብቻው ነው። በማዕድ ላይ አለቃና ምንዝር መሆን የዘመዶቹ ሁሉ ሕግ አይደለም ማለት ነው።

ውሻ ሳህኑን የሚጠብቀው ዙፋን ፈልጎ ሳይሆን እንዳይነጠቅ ሰግቶ ነው። ስትነጥቁት ስጋቱ ትክክል እንደነበር ታረጋግጡለታላችሁ። ስላጉረመረመ ከመታችሁት ደግሞ የባሰ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ መንከስ ሊለምድ ይችላል። ያ ጥርስ ልጅ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አገራችን ውስጥ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም አለ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

መድኃኒቱ ከሩሲያዊው ፓቭሎቭ ይጀምራል። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው፤ ውሾቹ ግን ምግቡ ሳይቀርብ፣ ገና መጋቢያቸው ሲመጣ ለሃጫቸው መዝረብረብ እንደሚጀምር አስተዋለ። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ የሰው መምጣት ንጥቂያ ሳይሆን ጭማሪ እንዲመስለው። ውሻችሁ ሲበላ ከማያጉረመርምበት ርቀት ቁሙ፤ ከሳህኑ የሚበልጥ ነገር፣ ለምሳሌ ቁራጭ ሥጋ፣ ወርውራችሁለት ሂዱ። ለቀናት ምናልባትም ለሳምንታት ደጋግሙት። ሰውነቱ ላላ ብሎ፣ ቀና ብሎ ሲጠብቃችሁ አንድ እርምጃ ቅረቡ። ካጉረመረመ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ኩራት አያስፈልግም። ልጆች ግን አይሞክሩት። ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ከሆነም ብቻችሁን አትጀምሩት፤ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።