ልጅ ሲያድግ የወላጅ ድርሻ እንዴት ይለወጣል?

በሶዶ፣ በኦቶና ወይም በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ከሆነ ይህን ክርክር ሳይሰሙት አልቀሩም። ልጁ «አዲስ አበባ ልሂድ» ይላል፤ አባት «መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ» ይላል፤ እናት በመካከል ትቆማለች። ጠቡ ስለ ጉዞው ይመስላል። ሁለቱንም የሚያስጨንቃቸው ግን ከእንግዲህ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው።

በወላይታ ይህን ጥያቄ የሚያከብደው መሬት ነው። ቀድሞ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ ከይዞታው ከፍሎ ይሰጠዋል፤ እርሱም ጎጆ ወጥቶ የራሱን እንሰት ይተክላል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ ከአባት ጓሮ መላቀቅም ቀስ በቀስ ነበር። ዛሬ ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት የያዘ አባት ለአራት ልጆች ምን ያካፍላል? የሚያወርሰው ሲያጣ የማዘዝ ሥልጣኑም አብሮ ይቀንሳል። ብዙ አባቶች ይህን እንደ ንቀት ይቆጥሩታል። እኔ ንቀት ነው አልልም፤ ልጁ የአባቱን እጅ የሚጠብቅበት ምክንያት ጠፍቶ ነው።

ሕጉ ወሰኑን በቁጥር አስቀምጦታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። (ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እንደሚያወጡ ልብ ይበሉ።) ቀለብ የመስጠት ግዴታ ግን በ18 ዓመት አያበቃም። ወላጅ ሠርቶ መኖር ሲያቅተው ያደገ ልጅ እንዲጦረው ሕጉ ያዛል።

ብዙ የወላይታ ልጆች ይህን ዕዳ ገና ሳይደርስባቸው ይከፍሉታል። በልጅነቱ አዲስ አበባ ወጥቶ ሊስትሮ የሚሠራ፣ ለታናናሾቹ ደብተር መግዣ የሚልክ ልጅ አለ። ከእርሱ ጋር እንዴት ይነጋገራሉ? የቤቱን ወጪ እየሸፈነ እንደ ሕፃን ቢቆጡት አይሰማዎትም። እንደ ትልቅ ሰው ቢተዉትም ይጎዳል፤ ገና አባት ያስፈልገዋልና። ሴት ልጅም ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትልክ ነገሩ ያው ነው። እንዲያውም የእርሷን ገንዘብ ተቀብሎ ምክሯን የማይሰማ ቤት ይበዛል።

በመስከረም ለጊፋታ ሲመጡ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ነውና። ስለ ገንዘቡ ከመጠየቅዎ በፊት የት እንደሚያድር፣ ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው ይጠይቁት። ስለ መሬቱም እውነቱን ይንገሩት፤ የማይደርሰውን ድርሻ ተስፋ እያደረገ አይቆይ። ነገሩ ከርሮ መነጋገር ካቆማችሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከመላክዎ በፊት ማንን እንደሚሰማ ልጁን ራሱን ያስጠይቁት። አባት ብቻውን የመረጠው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።