የደረስጌ ቅባትና የጉግል ፊርማ

ደረስጌ ማርያም በወረዳችን በጃናሞራ ናት። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ለራሳቸው ንግሥ ነው ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እዚያው ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ ድል ሆኑ፤ በቀናት ውስጥ ካሳ በውቤ ቤተ ክርስቲያን ተቀብተው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተባሉ። ቀቢው አቡነ ሰላማ ነበሩ፤ እኚህን ጳጳስ ደግሞ በ1834 ዓ.ም. ገደማ ከግብፅ ያስመጧቸው ራሳቸው ውቤ ናቸው! ወጪው የአንዱ፣ ዘውዱ የሌላው።

እኔ ጎንደር ተቀምጬ ለድርጅቶች የኮምፒውተር መግቢያ እሠራለሁ። «በጉግል ይግቡ» የሚለውን ባየሁ ቁጥር ደረስጌ ትታወሰኛለች። ድርጅቱ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል አያይም፤ ጉግል «አውቀዋለሁ» ብሎ ፈርሞ የላከውን ቃል ይቀበላል። ሲቀበል ግን ፊርማውን መመርመር፣ ጊዜው አለማለፉንና ቃሉ ለእርሱ የተላከ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ለሌላ ቤት የተሰጠ ምስክርነት የእኛንም በር ይከፍታል። ደግሞም መስካሪው የሚናገረው ሰውየው ማን እንደሆነ ነው፤ ማን ሒሳብ እንደሚያይ፣ ማን እንደሚሰርዝ የሚወስነው ድርጅቱ ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጆች ማስረዳት ከኮዱ ይከብደኛል። ቴዎድሮስንም ቅባቱ ንጉሠ ነገሥት አሰኛቸው እንጂ ወሎንና ሸዋን አላስገበረላቸውም፤ እዚያ የዘመቱት በጦር ነው።

በአንድ መስካሪ ብቻ መንጠልጠልም አደጋ አለው። የሕግ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንታቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክል ስለነበር አገሪቱ በሙሉ በእስክንድርያ መንበር ተንጠልጥላ ኖረች። ቴዎድሮስ ከአቡኑ ተጣልተው መቅደላ አሰሯቸው፤ አቡኑም በ1860 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ፤ አዲስ ጳጳስ እስኪመጣ ቅስናና ድቁና የሚሰጥ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ ከዚህ የተማሩ ይመስለኛል፤ በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ። ከአራቱ አንዱ፣ አቡነ ማቴዎስ፣ በ1882 ዓ.ም. ምኒልክን እንጦጦ ላይ ቀቡ። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የተገኘው በ1943 ዓ.ም. በአቡነ ባስልዮስ ነው።

በእኔም ሙያ የአገር ቤት መስካሪ መጥቷል፦ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ምስልና ፊት መዝግቦ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ደስ ይለኛል፤ ብቸኛው በር ሲሆን ግን አልወድም። ዕድሜውን በድንጋይና በሞፈር የኖረ የደጋ ገበሬ አሻራው ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ በምሠራው ሁሉ ሁለተኛ መግቢያ እተዋለሁ፤ የዋና አስተዳዳሪውን መግቢያ ደግሞ ከየትኛውም መስካሪ ጋር አላያይዘውም።